በእንግሊዝኛ ፈተና የልቦለድ ምንባብን ለመተንተን የሚደረግ ዝግጅት፦ ለሰበታ፣ ለቡራዩና ለሱሉልታ ተፈታኞችና ወላጆች

የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ተፈታኞች ሁሉ፣ የተፈጥሮ ሳይንስም ሆነ የማኅበራዊ ሳይንስ መስክ ቢከታተሉ፣ የእንግሊዝኛ ፈተና ይወስዳሉ። ፈተናው ሰዋስውን፣ ቃላትን፣ ንግግርን፣ የዐረፍተ ነገሮችን ቅደም ተከተልና አንብቦ መረዳትን ይመዝናል። አንብቦ ለመረዳት የሚቀርበው ምንባብ መረጃ ሰጪ ጽሑፍ ወይም ትረካ ሊሆን ይችላል። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በሁለተኛው፣ ማለትም ከልቦለድ ወይም ልቦለድ ከሚመስል ትረካ ተቀንጭቦ በሚቀርበው ምንባብ ላይ ነው። ብዙ ተማሪዎች ሰዋስው በደንብ ይዘው ሳለ ነጥብ የሚጥሉበት ክፍል ይኸው ነው።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 የትምህርት ዘመን ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። እንግሊዝኛ ከትምህርቶቹ አንዱ ብቻ ቢሆንም ፊዚክሱም፣ ታሪኩም፣ የስኮላስቲክ አፕቲትዩድ ፈተናውም የሚጠየቁት በዚሁ ቋንቋ ነው። ስለዚህ አንድን ገጽ በትክክል አንብቦ የተጠየቀውን ለይቶ ማወቅ የሚጠቅመው ለአንድ ትምህርት ብቻ አይደለም።

በሦስቱ ከተሞች ያለው ሁኔታ

ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ ደግሞ ከእንጦጦ ማዶ በጎጃም መንገድ አዲስ አበባን ተጠግተው የሚገኙ ከተሞች ናቸው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በኦሮሚያ ክልል የሸገር ከተማ ክፍለ ከተሞች ሆነዋል። በክልሉ የመጀመሪያና የመካከለኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በዋናነት በአፋን ኦሮሞ ሲሆን በአማርኛ የሚማሩ ተማሪዎችም አሉ። እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት ይሰጣል፤ የሁሉም ትምህርት ማስተማሪያ የሚሆነው ግን 9ኛ ክፍል ላይ ነው። በአዲስ አበባ በአንጻሩ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ መማር የቆየ አሠራር ነው። በቤት ኪራይ ውድነት ከመዲናዋ ወደነዚህ ከተሞች የሚዛወሩ ቤተሰቦች ልጆችም፣ እዚያው ተወልደው ያደጉትም በአንድ ክፍል ይቀመጣሉ፤ የእንግሊዝኛ ልምዳቸው ግን እኩል አይደለም።

ይህ ልዩነት በሰዋስው መልመጃ ላይ ብዙም ላይታይ ይችላል። በትረካ ላይ ግን ይገለጣል፤ ምክንያቱም ትረካ ዋናውን ነገር በግልጽ አይናገርም።

የልቦለድ ምንባብ ልዩ ጠባይ

መረጃ ሰጪ ጽሑፍ ስለ ቡና ተክል ሲያስረዳ የሚለው ነገር ሁሉ በጸሐፊው ስም የተነገረ ነው። በልቦለድ ውስጥ ግን ቢያንስ ሁለት ድምፅ አለ፦ የተራኪው ድምፅና የገጸ ባሕርዩ ድምፅ። ገጸ ባሕርይ ሊዋሽ፣ ሊሳሳት፣ የሚያውቀውንም ሊደብቅ ይችላል። የሚከተለው አጭር ትረካ ለመለማመጃ የተዘጋጀ ነው። በፈተናው ላይ ምንባቡ በእንግሊዝኛ ይቀርባል፤ የአነባበቡ ሥርዓት ግን አይለወጥም።

«አመሻሹ ላይ አስካለ ማንደጃውን ወደ በሩ አስጠጋች። ከመንገዱ ማዶ የመጨረሻው ታክሲ ተሳፋሪዎቹን አራግፎ ባዶውን ወደ ከተማ ተመለሰ። ብቅ ብላ አየች፤ በሩን ግን አልዘጋችውም። ትንሿ ልጅ፦ ‹እማዬ፣ አንበላም?› አለቻት። ‹ወጡ አልበሰለም› አለች እናቷ። ድስቱ ከእሳት ከወረደ ቆይቷል።»

ጥያቄው «አስካለ ራት ያዘገየችው ለምንድን ነው?» ይላል እንበል። አማራጮቹም፦ ሀ) ወጡ ስላልበሰለ፣ ለ) ከከተማ የሚመጣ ሰው ስለምትጠብቅ፣ ሐ) ባሏ ጥሏት ስለሄደ፣ መ) ልጇን ለመቅጣት ስለፈለገች የሚሉ ናቸው።

ቸኩሎ ያነበበ ተማሪ «ሀ»ን ይመርጣል፤ ቃሉ በምንባቡ ውስጥ እንዳለ ተጽፏልና። ይሁን እንጂ ይህን ያለችው አስካለ ናት፤ ተራኪው ደግሞ በሚቀጥለው ዐረፍተ ነገር ድስቱ መውረዱን በመናገር አባባሏን አፍርሶታል። «ሐ» አሳማኝ ታሪክ ቢመስልም ስለ ባል በምንባቡ አንድም ቃል የለም፤ ተማሪው ከራሱ የጨመረው ነው። ለ«መ»ም ድጋፍ የለም፤ የቁጣ ቃል አልተነገረም። «ለ» የሚለው ግን ቃል በቃል ባይጻፍም ሦስት ማስረጃዎች አሉት፦ ታክሲውን መከታተሏ፣ ብቅ ብላ ማየቷና በሩን አለመዝጋቷ። ትክክለኛው መልስ እርሱ ነው።

ከዚህ ምሳሌ ሁለቱን የተለመዱ ወጥመዶች መለየት ይቻላል። አንዱ የምንባቡን ቃል እንዳለ የሚደግም፣ ለጥያቄው ግን መልስ ያልሆነ አማራጭ ነው። ሌላው በእውነተኛው ዓለም ሊሆን የሚችል፣ በምንባቡ ውስጥ ግን ማስረጃ የሌለው ነው። ጎበዝ የሚባሉ ተማሪዎች ይበልጥ የሚሳሳቱት በሁለተኛው ነው፤ ምናባቸው ከጽሑፉ ቀድሞ ይሄዳል። በእንግሊዝኛው ጥያቄ ውስጥ «ኢንፈር»፣ «ሰጀስት» ወይም «ኢምፕላይ» የሚሉ ግሶች ሲገኙ የሚፈለገው በግልጽ ያልተነገረ፣ ነገር ግን በተነገረው የተደገፈ መልስ መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል።

ስለ ስሜት ወይም ስለ ድባብ ሲጠየቅም መንገዱ ይኸው ነው። አስካለ «ተጨነቀች» የሚል ቃል የለም፤ ጭንቀቷ ያለው በድርጊቷ ውስጥ ነው። ሰምና ወርቅ ለለመደ አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ቋንቋው ራሱ የሚፈጥራቸው ችግሮች

አማርኛም ሆነ አፋን ኦሮሞ ባለቤቱን በግሱ ላይ ያመለክታሉ። «አለች» ሲባል ተናጋሪዋ ሴት መሆኗ ያለ ተውላጠ ስም ይታወቃል። የእንግሊዝኛው «ሴድ» ግን ወንድ፣ ሴት፣ አንድ፣ ብዙ አይለይም፤ ሁሉን የሚሸከመው ተውላጠ ስሙ ነው። በአንድ አንቀጽ ሁለት ሴቶች ካሉ «ሺ» የተባለችው የትኛዋ እንደሆነች ለማወቅ ወደ ኋላ ተመልሶ ማንበብ ግድ ይሆናል። «ኢት» ደግሞ ለዕቃ፣ ለእንስሳ፣ አንዳንዴም ቀደም ሲል ለተነገረ ሙሉ ሐሳብ ይውላል። «በመስመር ይህን ያህል ላይ ያለው ‹ኢት› ምንን ያመለክታል?» የሚለው ጥያቄ ተደጋግሞ የሚመጣው ለዚህ ነው። መልሱን ማረጋገጫው ዘዴ ቀላል ነው፦ የተመረጠውን ስም በተውላጠ ስሙ ቦታ ተክቶ ዐረፍተ ነገሩን እንደገና ማንበብ።

ሌላው ጊዜ ነው። ትረካ ብዙውን ጊዜ በኃላፊ ጊዜ ይጓዛል፤ «ሃድ» ከግስ በፊት ሲመጣ ግን ታሪኩ ከዚያም ወደ ቀደመ ጊዜ መሄዱን ሊያመለክት ይችላል። ከላይ ባለው ትረካ የድስቱ መውረድ ከልጅቷ ጥያቄ በፊት የተፈጸመ ነው፤ መልሱም የተንጠለጠለው በዚሁ ቅደም ተከተል ላይ ነው። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ይህን የምትሸከመው ያቺ አንዲት ቃል ናት።

የቃላት ጥያቄን በተመለከተ፣ የሚጠየቀው የቃሉ ትርጉም በዚያ ቦታ ነው። «ፋይር» የሚለውን እሳት ብሎ የሚያውቅ ተማሪ አሠሪው ሠራተኛውን «ፋይር» አደረገው የሚል ትረካ ሲገጥመው ከሥራ መባረርን ካልተረዳ ታሪኩ ሁሉ ይጠፋበታል። በሁለት ቋንቋ የቃላት ዝርዝር መሸምደድ የሚፈለገውን ያህል የማይጠቅመው በዚህ ምክንያት ነው።

በትልልቅ ፊደላት የሚጻፉትን «ኖት» እና «ኤክሴፕት» ሳያዩ ማለፍም የተለመደ ስሕተት ነው።

የዝግጅት መንገድ

መቼት፣ ግጭት፣ ገጸ ባሕርይ፣ ጭብጥና አንጻር ለተማሪው አዲስ አይደሉም፤ በአማርኛ ልቦለድ፣ በአፋን ኦሮሞም አሶሰማ ሲማር ተዋውቋቸዋል። ስለዚህ መጀመሪያ በሚያውቀው ቋንቋ አንድ ገጽ አንብቦ «ይህን በምን አወቅሁ?» ብሎ መጠየቅ፣ ከዚያም ያንኑ ልማድ ወደ እንግሊዝኛ ማሻገር ይመከራል። በጥር ወይም በየካቲት የሚጀመር ጥድፊያ ይህን ልማድ አይፈጥርም። ከመስከረም ጀምሮ በሳምንት ሁለት አጫጭር ምንባብ በጥንቃቄ ማንበብ በመጨረሻው ወር ሃያ የቆዩ ፈተናዎችን ከመሥራት ይሻላል።

የቆዩ ፈተናዎች ጥቅም አላቸው፤ አጠቃቀማቸው ግን ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ነው። የመልስ ቁልፉን አይቶ «ሐ ነው» ብሎ ማለፍ የሚጨምረው ነገር የለም፤ ያ ምንባብ ተመልሶ አይመጣምና። ተማሪው ለእያንዳንዱ መልስ ማስረጃ የሆነውን መስመር ከሥሩ ማስመር፣ ለተዋቸው ሦስት አማራጮችም የተዉበትን ምክንያት በአንድ ሐረግ መጻፍ ይኖርበታል። መምህራን በክፍል ውስጥ ይህን በጥንድ ቢያሠሩ ተማሪዎቹ እርስ በርስ ይተራረማሉ፤ ብዙ ተማሪ ባለበት ክፍልም የሚቻል ነው።

የሚነበብ ነገር ፍለጋ ብዙ መሄድ አያስፈልግም። የመማሪያ መጻሕፍቱ ምንባቦች ቀዳሚዎቹ ናቸው፤ በዲጂታል መልክም በነፃ ይገኛሉ። ከዚያ አልፎ ለሚሄድ ተማሪ በኢትዮጵያውያን በእንግሊዝኛ የተጻፉ ልቦለዶች አገሩንና ሰዉን ስለሚያውቀው ድካሙ ለቋንቋው ብቻ ይሆንለታል። በአንድ መንደር ጎጆ ያቃጠለውን ሰው ለማግኘት ነዋሪው ተሰብስቦ የሚያደርገውን ምርመራ የሚተርከው የሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም «ዘ አፈርሳታ»፣ እንዲሁም ወደ ዝቋላ የሚደረግ መንፈሳዊ ጉዞን የሚተርከውና በ1973 እ.ኤ.አ. የታተመው የዳኛቸው ወርቁ «ዘ ሰርቲንዝ ሰን» ይጠቀሳሉ። ሁለተኛው ከበድ ይላል፤ በአንድ ጊዜ አንድ ገጽ ይበቃል። አራት ኪሎ የሚገኘው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ከሦስቱም ከተሞች በአውቶቡስ ወይም በታክሲ የሚደረስበት የንባብ ቦታ ነው።

ወላጆች እንግሊዝኛ ባያነቡም ሊያግዙ ይችላሉ። ልጁ ያነበበውን ታሪክ በቤቱ ቋንቋ እንዲተርክ ማድረግ፣ ከዚያም «እንዲህ መሆኑን ከየት አገኘኸው? ቦታውን አሳየኝ» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ልጁ ጣቱን በመስመሩ ላይ ማሳረፍ ካቃተው ያ መልስ ግምት ነበር ማለት ነው።

ተፈታኞች ሊያውቋቸው የሚገቡ

መደበኛ ተማሪዎች ለፈተናው የሚመዘገቡት በትምህርት ቤታቸው አማካይነት ነው። በግል ለመፈተን የሚፈልጉ የክፍለ ከተማቸውን ትምህርት ጽሕፈት ቤት አስቀድመው መጠየቅ ይኖርባቸዋል። ማየት የተሳናቸው ተፈታኞች፣ ለዓይነ ስውራን በተቋቋመው በሰበታው ትምህርት ቤት የተማሩትን ጨምሮ፣ የሚያስፈልጋቸውን ድጋፍ በምዝገባ ወቅት ማሳወቅ አለባቸው። ምንባብን በሌላ ሰው ድምፅ ማዳመጥ በዓይን ወይም በብሬል ከማንበብ የተለየ ልምምድ ይጠይቃል። በተለይ ጥያቄዎቹን አስቀድሞ ሰምቶ ምንባቡን ማዳመጥና የተፈለገውን አንቀጽ እንዲደገም መጠየቅ በትምህርት ዘመኑ ውስጥ ሊለመድ ይገባል።

50 በመቶ ያላመጡ ተማሪዎች በየዓመቱ በሚወሰነው መቁረጫ ነጥብ መሠረት ወደ ሬሜዲያል ፕሮግራም ሊመደቡ ይችላሉ፤ በዚያም ከሚሰጡት ትምህርቶች አንዱ እንግሊዝኛ ነው።

በቴሌግራምና በሌሎች ማኅበራዊ መገናኛዎች «የእንግሊዝኛ ፈተና መልስ» በሚል ገንዘብ የሚጠይቁ ሰዎች ሲያጋጥሙ ክፍያ ሳይፈጸም ለትምህርት ቤቱ ወይም በአቅራቢያ ላለ የፖሊስ ጣቢያ ማሳወቅ ይገባል። ወደ ፈተና ግቢ ተንቀሳቃሽ ስልክ ይዞ መግባት የተከለከለ ነው።