ዳይሱን የሻሩት አድሚራል
የጠረጴዛ ላይ ጦርነት ዳኛውን እንዴት አገኘ?

በሜይ 1942 መጀመሪያ (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የጃፓን የባሕር ኃይል አለቆች «ያማቶ» በተባለችው ግዙፍ የጦር መርከብ ላይ ጠረጴዛ ከበው ተቀመጡ። የሚድዌይን ዘመቻ አስቀድመው በጨዋታ ሊሞክሩት ነበር። አሜሪካንን ወክሎ የሚጫወተው ወገን አውሮፕላኖቹን ላከ። ከዳኞቹ አንዱ ኦኩሚያ ማሳታኬ በደንቡ መሠረት ዳይስ ጣለ፤ ዘጠኝ ቦምብ ዒላማውን መታ። «አካጊ» እና «ካጋ» የተባሉት አውሮፕላን ተሸካሚዎች ሰመጡ ማለት ነው። ጨዋታውን የሚመሩት የኤታማዦር ሹሙ አድሚራል ኡጋኪ ማቶሜ ግን ዘጠኙ በሦስት ይተካ ብለው አዘዙ። «አካጊ» ተረፈች። ሰመጠች የተባለችው «ካጋ»ም በቀጣዩ የጨዋታ ምዕራፍ ምንም እንዳልሆነች ብቅ አለች።

ታሪኩን ከጦርነቱ በኋላ የጻፉት ራሱ ኦኩሚያና የ«አካጊ» አውሮፕላኖች መሪ የነበረው ፉቺዳ ሚትሱኦ ናቸው። ጁን ሲገባ፣ በእውነተኛው ውጊያ፣ ሁለቱም መርከቦች ከሌሎች ሁለት አውሮፕላን ተሸካሚዎች ጋር ከባሕር በታች ቀሩ።

ጦርነትን በጠረጴዛ ላይ መጫወት ከተጀመረ ጀምሮ የሚያጨቃጭቀው ይኸው ነው፤ ማን ሞተ፣ ማንስ ተረፈ ብሎ የሚፈርደው ማን ነው?

በሰንጠረዥ (በቼዝ) ይህ ጥያቄ የለም። በኛው የጥንት ሰንጠረዥ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ በ«ወረራ» ይጀምራሉ፤ ይሁን እንጂ እዚያም ፈረሱ የደረሰበት ጠጠር ይበላል፣ አለቀ። በ1780 ጀርመናዊው የብራውንሽቫይግ የሒሳብ መምህር ዮሐን ሄልቪግ ያሳተመው የጦርነት ጨዋታም ሰንጠረዥን ያሰፋ ነበር፤ ሜዳው በካሬ የተከፋፈለ፣ መብላቱም እርግጥ። የጦር ሜዳ ግን እንዲህ አይደለም። መቶ ሰው ተኩሶ ስንት እንደሚጥል አስቀድሞ የሚያውቅ የለም።

ይህን አለመታወቅ ወደ ጠረጴዛው ያመጡት አባትና ልጅ ናቸው። በ1812 የፕሩሺያ ባለሥልጣን ጌኦርግ ሊዮፖልድ ፎን ራይስቪትስ ለንጉሥ ፍሬድሪክ ቪልሄልም ሣልሳዊ ባለ መሳቢያ ትልቅ ጠረጴዛ አበረከተ። ኮረብታው፣ ወንዙና መንደሩ እየተነሳ የሚገጣጠም ነበር። የመድፈኛ መኮንን የነበረው ልጁ ደግሞ በ1824 ደንቡን አሻሽሎ አሳተመ። ጠረጴዛው በ1፡8000 ካርታ ተተካ። አንድ ተራ በውጊያው ሜዳ የሁለት ደቂቃ ያህል ጊዜ ሆነ። ሰማያዊና ቀይ የእርሳስ ጡቦች የጦሩ ክፍሎች ሆኑ። ጉዳቱ ከእውነተኛ የተኩስ ሙከራ በተቀዳ የቁጥር ሠንጠረዥና በዳይስ ይሰላል። ተጫዋቹ ትእዛዙን ለዳኛው ይሰጣል፤ ዳኛውም እዚያ ያለ አዛዥ ሊያየው የሚችለውን ብቻ ያሳየዋል። የጠቅላይ ኤታማዦር ሹሙ ካርል ፎን ሙፍሊንግ መጀመሪያ ፊት ነሥተውት ነበር ይባላል። ጨዋታው እየገፋ ሲሄድ ግን ይህ የጦር ትምህርት ነው ብለው ለሠራዊቱ ሁሉ እንዲዳረስ አሳሰቡ። ወጣቱ ራይስቪትስ ግን ክብሩን ብዙ አላጣጣመውም፤ በ1827 ራሱን አጠፋ።

ደንቡ ከጊዜ በኋላ አሰልቺ ሆነ። ለአንድ ተኩስ ስንት ሠንጠረዥ ይገለጣል! በ1876 ጄኔራል ዩሊየስ ፎን ቨርዲ ዱ ቨርኑዋ ሠንጠረዡንም ዳይሱንም ጥሎ ፍርዱን ሁሉ ልምድ ላለው ዳኛ ተወ። ጨዋታው ፈጠነ፤ መኮንኖቹም ወደዱት። ችግሩ ዳኛው ራሱ መኮንን መሆኑ ነው፤ ከበላዩ አለቃ አለ። በ«ያማቶ» ላይ ዳይስ ነበረ፣ ደንብ ነበረ፣ ዳኛም ነበረ። የጎደለው ለአለቃው እምቢ ሊል የሚችል ዳኛ ነበር።

ከሠራዊቱ ውጭ ያሉት ሌላ መላ ፈለጉ። እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች ጂ ዌልስ በ1913 ባሳተመው «ትናንሽ ጦርነቶች» በተሰኘ መጽሐፉ ለአሻንጉሊት ወታደሮች ደንብ አወጣ። መድፉ በሞላ የሚሠራ አሻንጉሊት ነው፤ ትንሽ የእንጨት ጥይት ይተኩሳል። ተመቶ የወደቀው ሞተ፣ የቆመው ተረፈ። የእያንዳንዱ ተራም በሰዓት ተገደበ። ጦርነትን የሚጠላው ዌልስ፣ ጄኔራሎቹ የሚያምራቸው ከሆነ ከእርሳስ ወታደር ጋር ይዋጉ ባይ ነበር። መጽሐፉ በወጣ በዓመቱ አውሮፓ በእሳት ተያያዘች።

በ1960ዎቹ ጨዋታው በብሪታንያ እንደ ዶናልድ ፌዘርስቶን ባሉ ጸሐፊዎች መጻሕፍት ተስፋፋ። በ1969 ፊል ባርከርና ባልደረቦቹ ለጥንት ዘመን ጦርነቶች ያወጡት ደንብ የማይተዋወቁ ሰዎች እኩል እንዲወዳደሩ አስቻለ። ለእያንዳንዱ ወታደር ዋጋ ተተመነለት፤ ሁለቱም ወገን በእኩል ነጥብ ሠራዊቱን ይመሠርታል። በ1983 «ዋርሃመር» የተባለው ጨዋታ፣ በ1987 ደግሞ የወደፊቱን ዘመን የሚተርከው «ዋርሃመር 40,000» መጣ፤ አሳታሚው ኩባንያ መቀመጫው ኖቲንግሃም ነው።

ዛሬ በ«40,000» ውድድር ተጫዋቹ ብዙውን ጊዜ የ2000 ነጥብ ሠራዊት ይዞ ይመጣል። ምስሎቹን ቀብቶ ካመጣም ከመቶ 10 ነጥብ ያገኛል። ርቀት በሜትር ሳይሆን በኢንች ይለካል። በብዙ ውድድር የቼዝ ሰዓት ይቀመጣል፤ ያንተ ጊዜ ካለቀ አለቀ። ክርክሩ ግን አይቀርም። አንዱ «ይታየኛል፣ እተኩሳለሁ» ይላል፤ ሌላው «ግንቡ ጋርዶሃል፣ ምን ታያለህ?» ይላል። ዳይሱ ከፍርስራሽ ተደግፎ አጋድሎ ከቆመማ አራት ነው ወይስ አምስት? እጅ ይነሣል፣ ዳኛው ይመጣል። ጎንበስ ብሎ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በምስሏ ቁመት ልክ ያያል፤ ይወስናል፣ ይሄዳል። ጥሩ ተጫዋቾች እዚያ ሳይደርሱ ይጨርሳሉ፦ «እዚህ የማቆማት ያንተ መድፍ እንዳያያት ነው፤ ተስማማን?» ተባብለው ዳይሱ ሳይጣል ይግባባሉ።

ወጣቱ ራይስቪትስ ዳኛ የሾመው መኮንኖች እንዲማሩ ብሎ ነው። ለመዝናናት የሚወዳደሩት ሰዎች ጨመሩበት የምንለው ነገር ካለ፣ ከጠረጴዛው ላይ ማዕረግን ማንሣታቸው ነው። የአምናው ሻምፒዮን ከጀማሪ ጋር ሲገጥም ለሁለቱም ሰዓቱ አንድ ነው፣ የርቀት መለኪያውም አንድ ነው፤ አጋድሎ የቆመው ዳይስ ይደገም ከተባለ ሻምፒዮኑም ደግሞ ይጥላል። ኡጋኪ በአንዱ የኖቲንግሃም ጠረጴዛ ዘጠኙን ሦስት በሉ ቢሉ ኖሮ፣ ተጋጣሚያቸው ሰዓቱን አቁሞ ዳኛ ይጠራባቸው ነበር።