ሁለት ዓመት ብቻ የኖረው ምሽግ፦ ፎርት ፓርከር

ፎርት ፓርከር እ.ኤ.አ. በ1834 በማዕከላዊ ምሥራቅ ቴክሳስ፣ በናቫሶታ ወንዝ ላይኛው ተፋሰስ የተሠራ የሰፋሪዎች ምሽግ ነው። አገሩ በጊዜው የሜክሲኮ ግዛት ነበር። ምሽጉን ያቆሙት ሽማግሌው ጆን ፓርከርና ልጆቻቸው ናቸው፤ ከኢሊኖይ ተነሥተው የመጡት ከባፕቲስት ወገኖቻቸው ጋር በ1833 ነበር።

አጥሩ ጫፋቸው በሾለ ግንዶች የታጠረ ሲሆን ከፍታው ከሦስት ሜትር ተኩል ይበልጥ ነበር። በሁለት ማዕዘኖቹ የመጠበቂያና የመተኮሻ ቤቶች፣ በውስጡ ደግሞ ግድግዳውን ተደግፈው የተሠሩ መኖሪያዎች ነበሩ። ሥራው ጠንካራ ነበር። ችግሩ ሌላ ነው፤ ነዋሪዎቹ ገበሬዎች ናቸው፣ ማሳቸውም ከአጥሩ ውጭ ነው። የሚያርስና የሚኮተኩት ሰው በር ዘግቶ መዋል አይችልም። ከዚህም በላይ የሰፈሩት የአገሬው ተወላጆች በሆኑት በኮማንቺዎች ምድር ዳርቻ ላይ ነበር፤ ይህን አደጋ የትኛውም ግንድ አይከለክልም።

በ1836 የጸደይ ወራት፣ ለነጻነት በተነሡት ቴክሳሶች ላይ የሜክሲኮ ጦር ሲገፋ ቤተሰቦቹ ምሽጉን ለቀው ሸሹ። ሚያዝያ 21 ቀን ቴክሳሶች በሳን ሃሲንቶ ድል ሲያደርጉ ግን ተመልሰው እርሻቸውን ያዙ። ግንቦት 19 ቀን ጠዋት፣ ከወንዶቹ ብዙዎቹ ማሳ ላይ ሳሉና በሩ ክፍት ሳለ፣ ኮማንቺዎችና አጋሮቻቸው በፈረስ ደረሱ። ከሽማግሌው ልጆች አንዱ ቤንጃሚን ፓርከር ሊያነጋግራቸው ወጥቶ ተገደለ። እርሱን፣ ሽማግሌውን ጆንንና ሌላውን ልጃቸውን ሳይላስን ጨምሮ አምስት ወንዶች ሞቱ፤ ሁለት ሴቶችና ሦስት ሕፃናት ተማረኩ። የተረፉት ለቀናት በእግር ተጉዘው ወደ ሌላ ሰፈር ደረሱ፤ ምሽጉም ባዶ ቀረ።

ከምርኮኞቹ አንዷ ሬቸል ፕለመር በዋጋ ተለቅቃ የደረሰባትን በ1838 አሳተመች። ዘጠኝ ዓመት ገደማ የነበራት ሲንቲያ አን ፓርከር ግን ኮማንቺ ሆና አደገች፤ የጦር መሪውን ፔታ ኖኮናን አግብታ ልጆች ወለደች። በታኅሣሥ 1860 የቴክሳስ ሬንጀሮች ከሕፃን ልጇ ጋር ሲይዟት «አዳንናት» አሉ፤ እርሷ ግን ወደ ኮማንቺ ቤተሰቧ ለመመለስ ደጋግማ ሞከረች። ለሁለተኛ ጊዜ ተማረከች ማለቱ ይበልጥ እውነት ነው። ሌላው ልጇ ኳና ፓርከር የኮማንቺዎችን የመጨረሻ ውጊያ ከመሩት አንዱ ሲሆን በ1875 ወገኖቹን ይዞ በፎርት ሲል የጦር ሰፈር እጁን ሰጠ። ዛሬ በግሮስቤክ ከተማ አጠገብ የሚታየው ምሽግ፣ ቴክሳስ የነጻነቷን መቶኛ ዓመት ባከበረችበት በ1936 የተሠራውና ኋላም የታደሰው አምሳያ ነው።