ለሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የመጣው ሰው

ካንሰር ይዟቸው ከቤተሰብ የሚደብቁ እናትና አባቶች በየመስጊዳችን ጥቂት አይደሉም። «አላህ ያመጣውን ማን ይመልሰዋል» ብለው ሐኪም ቤት መሄዱን የሚተዉም እናውቃለን። በተወኩል ስም ሰበብን መተው ግን ከዲናችን አይደለም። ዛሬ የምናወጋችሁ ሰበብን ለብዙ ዓመታት ስለፈለጉ ሰዎች ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1968 በአሜሪካ ቦስተን አካባቢ ስቲቨን ሮዘንበርግ የሚባል ወጣት ቀዶ ሐኪም አንድ ሽማግሌ ሐሞት ከረጢታቸውን ሊያስወጡ መጡበት። መዝገባቸውን ሲያገላብጥ ደነገጠ። ሰውዬው ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት የጨጓራ ካንሰር ነበረባቸው፤ ጉበታቸው ድረስ ተሰራጭቶ ስለነበር ይሞታሉ ተብለው ወደ ቤታቸው ተሸኝተዋል። አሁን ሆዳቸው ሲከፈት ካንሰሩ የለም። ያለ መድኃኒት ጠፍቷል።

ሮዘንበርግ የሰውዬው ሰውነት ራሱ በሽታውን አሸንፎት ይሆናል ብሎ ገመተ። ደማቸውን ወስዶ ለሌላ የካንሰር በሽተኛ ሰጠ፤ አልሠራም። ጥያቄው ግን ከልቡ አልወጣም።

በ1976 በአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም የሮበርት ጋሎ ባልደረቦች ነጭ የደም ሕዋሳትን የሚያራባ ንጥረ ነገር አገኙ። ኋላ ኢንተርሉኪን ሁለት ተባለ። ሕዋሳት እርስ በርስ መልእክት ከሚለዋወጡባቸው፣ ሳይቶካይን ከሚባሉት አንዱ ነው። ምሳሌው በመንደር ውስጥ የሚሰማ የድረሱልን ጩኸት ነው፤ ጠላት ያየ ሕዋስ ይጮኻል፣ ሌሎቹ ይበዛሉ፣ ይነሣሉ። ችግሩ የሚገኘው በጣም ጥቂት መሆኑ ነበር። በ1983 ጃፓናዊው ታዳሱጉ ታኒጉቺና ባልደረቦቹ ዘረመሉን ለይተው ካወጡ በኋላ በባክቴሪያ ውስጥ በብዛት ማምረት ተቻለ።

ሮዘንበርግ ያን ጊዜ በዚያው ተቋም የቀዶ ሕክምና ኃላፊ ነበር። መድኃኒቱን ብቻውን፣ ወይም የበሽተኛውን ሕዋሳት ከሰውነት አውጥቶ አነቃቅቶ እየመለሰ ሞከረ። ከስልሳ በላይ በሽተኞች አልፈው የአንዳቸውም ካንሰር አልቀነሰም። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ታሪኩን የሚያወሩ ሰዎች እነዚህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፏቸዋል። ለእነርሱ ያልሆነው ነገር ለሌላው እንዲሆን መንገድ የጠረጉት ግን እነርሱ ናቸው። የእያንዳንዳቸው ቤተሰብ እንደኛው ቤተሰብ በር በር ሲያይ ከርሟል።

በ1984 መጨረሻ የሠላሳ ሦስት ዓመት ሴት፣ የባሕር ኃይል ባልደረባ፣ ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር ተሰራጭቶባት መጣች። ሮዘንበርግ ሕዋሳቱንና መድኃኒቱን አንድ ላይ፣ ከበፊቱ በበለጠ መጠን ሰጣት። በጠና ታመመች፤ ከዚያም ዕጢዎቹ እየከሰሙ ጠፉ። በታኅሣሥ 1985 የወጣው ጥናት ከ25 በሽተኞች የ11ዱ ዕጢ ከግማሽ በላይ መቀነሱን ገለጸ።

ጋዜጦቹ ታዲያ «ካንሰር ተሸነፈ» ለማለት ምንም አልቀራቸው። ነገሩ እንዲያ አልነበረም። ጩኸቱ ሲበዛ መንደሩ ራሱ ይታወካል፤ ፈሳሽ ከደም ሥሮች እየወጣ ሳንባን ያጥለቀልቃል፣ የደም ግፊት ይወርዳል። ከሕክምናው የተነሣ የሞቱም አሉ። መድኃኒቱ በ1992 ለተሰራጨ የኩላሊት ካንሰር፣ በ1998 ለሜላኖማ ሲፈቀድ ዕጢው ጨርሶ የጠፋላቸው ከመቶ አሥር እንኳ አይሞሉም ነበር። ስለዚህ ማንኛውንም ካንሰር በሦስት ቀን አጠፋለሁ የሚል ሰው ደጃችሁ ሲመጣ ይህን አስታውሱ።

ሥራው አልቆመም። ከዕጢው ውስጥ የሚገኙ ተዋጊ ሕዋሳትን አውጥቶ አራብቶ የመመለሱ ዘዴ በ1988 በሜላኖማ ላይ ውጤቱ ታተመ፤ በዚህ መንገድ የተሠራ ሕክምና በየካቲት 2024 በአሜሪካ ተፈቅዷል። ሕዋሳቱ ከተመለሱ በኋላ ዛሬም ኢንተርሉኪን ሁለት ይከተላቸዋል።

ያቺ ሴት ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ካንሰሩ ሳይመለስባት ኖራለች። የሽማግሌው ካንሰር ለምን እንደጠፋ ግን እስከ ዛሬ በእርግጠኝነት የተናገረ የለም። ወላሁ አዕለም።