ስለ ቲችቦርን ርስት ክርክር

የርስት ክርክር ስንት ዘመን እንደሚያንከራትት ለዕድራችን አባላት መንገር አያስፈልግም። ዛሬ የምናወጋችሁ ግን በእንግሊዝ አገር ስለሆነው ነው። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በሐምፕሻየር ቲችቦርን የሚባል የመኳንንት ቤት ነበረ። የዚህ ቤት ወራሽ ሮጀር በ1854 ከሪዮ ዴ ጃኔሮ የተሳፈረበት መርከብ ጠፋ፤ አስከሬኑም አልተገኘም። እናቱ እመቤት ሄንሪየት ግን እርማቸውን አላወጡም። የቀበረ ሰው ውሎ አድሮ ይጽናናል፤ ያልቀበረ በር በተንኳኳ ቁጥር ብድግ ይላል። ልጃቸውን ያየ ሰው እንዲነግራቸው በጋዜጣ አስነገሩ፤ ወሬው አውስትራልያ ድረስ ደረሰ።

እዚያ አንድ ባለሉካንዳ «ሮጀር እኔ ነኝ» ብሎ ተነሣ። በጥር 1867 ፓሪስ ላይ እናትየው አዩትና ልጄ ነው አሉ፤ በዓመት 1,000 ፓውንድም ቆረጡለት። ሮጀር ፈረንሳይ አገር ያደገ ቀጭን ልጅ ነበር፤ ይኸኛው ፈረንሳይኛ የማያውቅ ድብልብል ያለ ወፍራም ነው። ዳሩ ግን እናት ካወቀችው ሌላው ምን አገባው ያለው ሕዝብ ብዙ ነው። እሳቸውም በ1868 አረፉና ዋናው ምስክር ቀረ።

ርስቱ በዚያን ጊዜ የሮጀር ወንድም ልጅ ለሆነ ሕፃን ተላልፎ ነበር። ክሱ የቀረበው ግን ቤቱን የተከራዩትን ኮሎኔል ለማስለቀቅ በሚል መልክ ነው፤ የሕግ ነገር እንዲህ ነው። ችሎቱ በግንቦት 1871 ተከፍቶ 102 ቀን ተሰማ። ድኻው ወገን «ሀብታሞች አድመው ሊከለክሉት ነው» እያለ ለጠበቃ ገንዘብ አዋጣለት። ርስቱን ሲያገኝ 100 ፓውንድ ይከፈላል የሚል ወረቀትም ተሸጦ ነበር፤ የገዛው ሁሉ ከሰረ።

የሮጀር የትምህርት ቤት ጓደኛ የነበሩ አንድ መኰንን ቀርበው ክንዱን በመርፌ ነቅሼው ነበር ብለው መሰከሩ። የዚህ ሰው ክንድ ንቅሳት የለበትም! ክሱ በ1872 ወደቀ። ቀጥሎ እሱ ራሱ በሐሰት መሐላ ተከሶ 188 ቀን ከተሰማ በኋላ፣ የለንደኑ የሥጋ ሻጭ ልጅ አርተር ኦርተን ነህ ተብሎ በ1874 የ14 ዓመት እሥራት ተፈረደበት።

በ1884 ተፈቶ በችግር ኖረ፤ ሚያዝያ 1 ቀን 1898 ሞተ። ለቀብሩ 5,000 ያህል ሰው ወጣ፤ መቃብሩ ግን ምልክት እንኳ አልተደረገበትም። የሚገርመው የቲችቦርን ቤተ ሰብ የሮጀር ስም የተጻፈበት ካርድ በሣጥኑ ላይ እንዲደረግ ፈቀዱ። ለምን ቢባል፣ ሮጀርም መቃብር ስላልነበረው ይሆናል እንላለን እኛ። በመካነ መቃብሩ መዝገብ የሰፈረውም «ቲችቦርን» ተብሎ ነው።