ድንጋይ የተባለው ጨው፣ ወረቀት የሆነው ብር

በየዕለቱ በአንደበታችን የሚመላለሱ፣ ነገር ግን ቆም ብለን ስናስተውላቸው ግራ የሚያጋቡን አነጋገሮች አሉ። «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፤ ያለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» የሚለው ምሳሌ አንዱ ነው። ዛሬ በከረጢት ታሽጎ የሚሸጠውን እንደ ዱቄት የላመ ጨው ከድንጋይ ጋር የሚያሳስተው ማነው? በወንጌልም ጣዕሙን ያጣ ጨው ወደ ውጭ እንደሚጣል ተጽፏል፤ «ድንጋይ» መባሉ ግን በዚያ የለም። ድንጋዩን የጨመረበት የአገራችን ገበያ ሳይሆን አይቀርም።

ይህን ለመረዳት ዐይናችንን ወደ ዋግ ምድር እናቅና። ሰቆጣ ከአፋር ረባዳ ምድር የሚመጣው ጨው ወደ መሀል አገር ከሚከፋፈልባቸው ታላላቅ ገበያዎች አንዷ ነበረች። ከእርሷ በስተደቡብ ያለው የጋዝጊብላ ደጋም ወደ ላስታ ለሚሻገር መንገደኛ መተላለፊያ ነው። በዚህ ሁሉ የሚጓዘው ጨው ከመሬት በመጥረቢያ እየተፈነቀለ፣ ጎኑና ጎኑ እየተጠረበ፣ ከአንድ ስንዝር የሚበልጥ ርዝመት እንዲኖረው ሆኖ የተዘጋጀ አሞሌ ነበር። አሞሌን ላላወቀ ሰው ከተጠረበ ድንጋይ የሚለየው መቅመስ ብቻ ነው። ምሳሌውም የተወለደው ይህን ካየ ሕዝብ ዘንድ ይመስላል።

አሞሌ ለወጥ ማጣፈጫ ብቻ አልነበረም፤ ገንዘብም ነበር። በስድስተኛው ምዕት ዓመት ኮስማስ የተባለው ተጓዥ የአክሱም ነጋዴዎች ጨው፣ ብረትና ከብት ይዘው ሄደው በወርቅ እንደሚለውጡ ጽፏል። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝም ጨው በገንዘብ ፈንታ ሲያገለግል አይቷል። ዋጋው ከመገኛው በራቀ ቁጥር ከፍ ይል ነበር፤ የተሰበረው አሞሌ ግን ከገንዘብነት ወርዶ ለምግብ ይውላል።

ለእኛ ሒሳብ መዝጋቢዎች እዚህ ላይ የሚያስደንቅ ነገር አለ። ነጋዴው ዝናም የሚያሟሟውን፣ አህያ ስትወድቅ የሚሰበረውን ገንዘብ ተሸክሞ ይጓዛል። ትርፉን ሲያሰላ የመንገዱን ርቀት፣ የወራቱን ጠባይ፣ የስባሪውን ብዛትና የኬላውን ቀረጥ በአእምሮው ይዞ ነው። ይህ ሁሉ ዛሬ በየዓምዱ የምንጽፈው ጉዳት፣ ወጪና መጠባበቂያ ነው፤ እርሱ ግን ያለ መዝገብ ይሠራው ነበር።

ከአሞሌ ጎን ለጎን በገበያው የነበረው ማርያ ቴሬዛ፣ ማለት ጠገራ ብር ነው። እርሱም የራሱ እንቆቅልሽ አለው። ንግሥቲቱ እ.ኤ.አ. በ1780 ሞተች፤ ሆኖም ከዚያ ወዲህ የተመታው ገንዘብ ሁሉ 1780 የሚለውን ዓመት እንደ ያዘ ቀረ። ምክንያቱ የነጋዴው እምነት ነበር፤ የለመደውን መልክና ጌጥ ካላየ አይቀበልምና። ኢጣልያ እንኳ አገራችንን ለመውረር ስትዘጋጅ፣ እ.ኤ.አ. በ1935 የመምቻውን መብት ከኦስትሪያ ተቀብላ በሮማ አስመታችው። የዳግማዊ ምኒልክ ብርም 1887 ዓ.ም. የሚል ተቀርጾበት ሲወጣ በክብደቱ የዚሁ አቻ ነበር፤ ጠገራውን ግን ከገበያ አላስወጣውም። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. የወጣው የወረቀት ገንዘብ በእንግሊዝኛ «ዶላር» ሲባል በአማርኛ ስሙ «ብር» ሆነ። እነሆ እስከ ዛሬ ድረስ ወረቀቱን በማዕድን ስም እንጠራዋለን።

ስለ ነገሥታቱና ስለ መምቻዎቹ የተጻፈው ብዙ ነው። አሞሌውን የጠረበው የአፋር ሰው፣ በሰቆጣ ገበያ በኽምጣናና በአማርኛ ዋጋ የቆረጠው ደላላ፣ በመንገድ አህያው የወደቀችበት ነጋዴ ግን ታሪካቸው በመዝገብ አልሰፈረም። የቀረልን ምሳሌና ስም ብቻ ነው። እነዚህም ቢሆኑ ምክንያታቸው ካልተጠየቀ ትርጉማቸው ይደበዝዛል። በዋግና በአካባቢው የምትሠሩ ባልደረቦች፣ አረጋውያንን ቀርባችሁ የገበያውን የመቁጠሪያና የመስፈሪያ ቃላት፣ የስባሪውንም ደንብ ብትጽፉ ሙያችን ከራሱ አገር የወጣ ታሪክ ይኖረዋል። ያልተመዘገበ ሀብት እንዳልነበረ እንደሚቆጠር ከእኛ ይልቅ የሚያውቅ የለም።