ከጦርነት በኋላ ዳግም የተቋቋመው የፖላንድ ራዲዮ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ

መቀመጫውን በደቡብ ፖላንድ በምትገኘው የካቶቪትሴ ከተማ ያደረገው የፖላንድ ራዲዮ ብሔራዊ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ በአገሪቱ ከሚገኙ ታላላቅ የሙዚቃ ተቋማት አንዱ ነው። ኦርኬስትራው በካቶቪትሴ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1945 ሲሆን፣ ከእርሱ በፊት በዋርሶ የነበረው የራዲዮ ኦርኬስትራ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት ተበትኖ ነበር።

የመጀመሪያው ኦርኬስትራ
የፖላንድ ራዲዮ ሲምፎኒ ኦርኬስትራን እ.ኤ.አ. በ1935 በዋርሶ የመሠረተው የኦርኬስትራ መሪው ግዜጎዥ ፊቴልበርግ ነው። ኦርኬስትራው ከሁለት ዓመት በኋላ በፓሪስ በተካሄደው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ ከፍተኛውን ሽልማት አግኝቷል።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 1939 ጀርመን ፖላንድን በመውረሯ የራዲዮ ጣቢያው ሥራ ተቋረጠ፤ ኦርኬስትራውም ፈረሰ። ወራሪው ኃይል ፖላንዳውያን የራዲዮ መቀበያዎቻቸውን እንዲያስረክቡ አስገደደ። በርካታ ሙዚቀኞች በዋርሶ ቡና ቤቶች እየተጫወቱ ኑሯቸውን ለመግፋት ሲገደዱ፣ ፊቴልበርግ ለስደት ተዳረገ።

ዳግም ምሥረታ
ጦርነቱ ወደ ማብቂያው ሲቃረብ ዋርሶ የፍርስራሽ ክምር ሆና ነበር። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በጥር 1945 መጨረሻ ከጀርመን ይዞታ ነጻ የወጣችው ካቶቪትሴ የደረሰባት ጉዳት አነስተኛ ነበር። የኦርኬስትራ መሪው ቪቶልድ ሮቪትስኪ በዚያው ዓመት መጋቢት ወር፣ በአውሮፓ ጦርነቱ ገና ሳያበቃ፣ ኦርኬስትራውን በካቶቪትሴ መልሶ የማቋቋም ሥራ ጀመረ።

ፊቴልበርግ እ.ኤ.አ. በ1947 ከስደት ተመልሶ የኦርኬስትራውን የኪነ ጥበብ አመራር ተረከበ። በዚህም በፈረሰው ኦርኬስትራና በአዲሱ መካከል የተቋረጠው ግንኙነት በመሥራቹ አማካይነት ተቀጠለ።

ፈተናና ዕድገት
የቪቶልድ ሉቶስዋቭስኪ የመጀመሪያ ሲምፎኒ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1948 ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የቀረበው በዚሁ ኦርኬስትራ በፊቴልበርግ መሪነት ነበር። ይሁንና በጊዜው የነበረው መንግሥት በኪነ ጥበብ ላይ ቁጥጥሩን በማጥበቁ ሥራው በፎርማሊዝም ተወንጅሎ ለዓመታት ከመድረክ ታግዷል። ተቋሙን መልሶ ማቋቋም ብቻውን ነጻነቱን እንዳላረጋገጠለት ይህ ሁኔታ ያመለክታል።

ፊቴልበርግ እ.ኤ.አ. በ1953 በካቶቪትሴ ከሞተ በኋላ ያን ክሬንዝ አመራሩን ተረክቦ እስከ 1968 ድረስ ቆይቷል። ከ1979 ጀምሮ በከተማዋ የሚካሄደው ዓለም አቀፍ የኦርኬስትራ መሪዎች ውድድርም በፊቴልበርግ ስም ተሰይሟል።

ኦርኬስትራው ቀደም ሲል የድንጋይ ከሰል ማውጫ በነበረ ስፍራ ላይ የተገነባለትን አዲስ ሕንፃ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1 ቀን 2014 አስመርቋል። ንድፉን ያወጣው አርክቴክት ቶማሽ ኮኒዮር ሲሆን፣ ዋናው አዳራሽ 1ሺህ 800 ያህል ታዳሚዎችን የመያዝ አቅም አለው።