«እኛ» እና «አልወለድም»

የግለሰብን ማንነት የሚጨፈልቅ ሥርዓት ከሁሉ አስቀድሞ የሚነጥቀው «እኔ» የማለትን መብት ነው። ሩሲያዊው ደራሲ የቭጌኒ ዛምያቲን «እኛ» በተሰኘው ልቦለዱ፣ ሰዎች በስም ሳይሆን በቁጥር የሚጠሩበትንና በመስታወት ቤት የሚኖሩበትን ኅብረተሰብ ሣለ። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1924 በእንግሊዝኛ ትርጉም ኒው ዮርክ ላይ ሲወጣ፣ በአገሩ ግን እስከ 1988 ሳይታተም ቆየ።

በአገራችን አቤ ጉበኛ በ1955 ዓ.ም. «አልወለድም»ን አሳተመ። በማኅፀን ያለ ጽንስ፣ ድህነትና ግፍ ወደ ነገሡበት ዓለም አልመጣም ብሎ ይሟገታል። የዛምያቲን ርእስ ግለሰቡን የዋጠውን ጅምላ ሲሰይም፣ የአቤ ርእስ «እኔ»ንና «እምቢ»ን በአንድ ግስ አስተባብሮ ይዟል። ሳንሱር ይህን አልታገሠም፤ መጽሐፉ ታገደ።

በ1967 ዓ.ም. የዘውዱ አገዛዝ ወደቀ፤ የሳንሱሩ መቀስ ግን እጅ ለወጠ እንጂ አልተጣለም። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. ባወጣው «ኦሮማይ»፣ የቀይ ኮከብን ዘመቻ መነሻ አድርጎ የመፈክሩን ጩኸትና የሰውን የልብ ሐሳብ ጎን ለጎን አሳየ። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ።

ሁለቱም መጻሕፍት ኋላ ዳግም ታትመው ለአንባቢ በቁ። ልቦለድ ሰውን በስሙ ጠርቶ የልቡን ያናግረዋል፤ ሰውን በጅምላ ብቻ የሚያውቅ አገዛዝ የሚፈራውም ይህንኑ ነው።